ስንት ዓመት ትቆያለህ?

የመዋኛ ልብሷን ረስታ ስለወጣች ይዤላት ሄድኩ። ከጥበቃው የእንግዳ ባጅ ተቀብዬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ሦስተኛ ክፍሎች ያሉበት ኮሪደር ስደርስ ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአንድ ልጅ ጋር ቆማለች። ልጁ አዲስ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል። ቦርሳውን ከጀርባው አላወረደም፤ ዓይኑም የሚያርፍበት አጥቶ ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራል። ባዲ እንድትሆነው የተመደበችው እሷ ናት። ባዲ ማለት ለአዲስ ልጅ መጸዳጃ ቤቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ የምሳ ሰልፉን የሚያሳይ፣ በእረፍት ሰዓት ብቻውን እንዳይቆም አብሮት የሚውል ልጅ ነው።

ስሟን ልጠራ ስል ጥያቄዋን ሰማሁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየች፦ «ስንት ዓመት ትቆያለህ?»

ልጁ አልገባውም። ደገመችለት። በሁለተኛው ገባውና ሦስት ጣቱን አወጣ። ልጄ ጣቶቹን አየች፤ የሆነ ነገር የምትቆጥር ይመስል ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ስምህ ማነው?» ያለችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ልብሱን ሰጥቻት፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። ልጅ ከልጅ ጋር ሲተዋወቅ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ኳስ ትችላለህ ወይ ይላል፤ አንዳንዱ ምንም ሳይጠይቅ እጅ ይዞ ይሮጣል። የ8 ዓመት ልጅ ከስም በፊት ቆይታ የምትጠይቀው ምን ደርሶባት ነው? መልሱን ያን ቀንም የማውቀው ይመስለኛል። ላየው ስላልፈለግኩ ግን ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ።

የኮት መስቀያው

በኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ልጅ ያስተማረ ሰው የልጆቹን ውሎ ያውቀዋል። ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ግማሹ ልጅ እንቅልፉን አልጨረሰም፤ የነቃው ከወንድሙ ከእህቱ ጋር በየቋንቋው ያወራል። የግቢውን በር ሲያልፉ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። እንግሊዝኛው ገና ያልደረሰለት ልጅ በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ከክፍሉ ወጥቶ ከቋንቋ መምህሩ ጋር ይቀመጣል፤ የቀረውን ሰዓት ያያል፣ ያዳምጣል፣ ይስላል። ልጄ በመጀመሪያው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቷ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ቆይታ፣ በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዛ መጣች። መምህራኑ ይህን ዝምታ ለምደውታል፤ ልጁን ተናገር እያሉ መጎትጎት ነው የሚከፋው ይላሉ። እኔ ግን ያኔ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።

ትምህርቱም በአንድ ትልቅ ጥያቄ ዙሪያ ነው የሚሰበሰበው። ስድስት ሳምንት ገደማ ጥያቄው ስለ ውሃ ከሆነ ሒሳቡም፣ ንባቡም፣ ሥዕሉም ውሃ ውሃ ይላል። ኦክቶበር 24 የተባበሩት መንግሥታት ቀን ሲከበር ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ። አባቱ ከአንድ አገር፣ እናቱ ከሌላ አገር፣ እሱ ደግሞ ሦስተኛ አገር የተወለደ ልጅ የትኛውን ልያዝ ብሎ ተጨንቆ፣ በመጨረሻ የጓደኛውን ባንዲራ በአንድ ጫፍ ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ደስ ይላል። ይህን ውሎ እወደዋለሁ፤ ልጄም ትወደዋለች። የምጽፈውም ለማማረር አይደለም።

ነገር ግን የእነዚህን ልጆች ኑሮ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ሰልፉም ባንዲራውም አይደለም፤ የኮት መስቀያው ነው። ከክፍሉ በር ውጪ በተርታ የተመቱ መስቀያዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ በላይ የልጁ ስም በወረቀት ተጽፎ ተለጥፏል። አንድ ቀን ልጄን ስጠብቅ የእሷ ወረቀት አንድ ጥጉ ተላጦ አየሁ። ልመልሰው ጠጋ ስል ከሥሩ ሌላ ስም አለ። ከዚያኛው ሥር ደግሞ ሌላ፤ እሱ ግን ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቶታል፤ ቀሪው ሙጫ ነው። የሰኔው ስም በቅጡ ሳይላጥ የመስከረሙ ተለጥፎበታል። ወረቀቱን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ መለስኩት፤ ልጄ ስትመጣም ምንም አላልኳት።

በየሰኔው ከክፍሉ አራት አምስት ልጅ ይሄዳል፤ በየመስከረሙ አራት አምስት ይመጣል። መምህራኑም እንደዚያው ናቸው፤ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ኮንትራት ሁለት ዓመት ነው፤ የሚያራዝም ያራዝማል፣ ሌላው ሻንጣውን ያነሳል። ልጄ ይህን ሁሉ ታያለች። መስቀያው ላይ ኮቷን የምትሰቅለው እሷ ናት።

ድንበር የሚሻገር ወረቀት

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመነሻቸውም ለመንገደኛ ልጆች የታሰቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔቫ ውስጥ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የተከፈተው ለመንግሥታቱ ማኅበርና ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች ነበር። እዚያው ጄኔቫ በ1968 ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለው የትምህርት ድርጅት ሲመሠረት ደግሞ መልስ የተፈለገለት ችግር ግልጽ ነበር፤ ወላጁን ተከትሎ ከአገር አገር የሚዞር ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ወረቀቱን የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይቀበልለታል? በ1997 ለታዳጊዎቹ የአንደኛ ደረጃው ፕሮግራም ተጨመረ፤ ልጄ የምትማረው በእሱ ነው። ውጤት ድንበር እንዲሻገር በደንብ ታስቦበታል ማለት ነው።

እኛም ስንዛወር ይህን በዓይናችን አየን። የልጄ ፋይል ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የንባብ ደረጃዋ፣ የሒሳብ ውጤቷ፣ የክትባት ካርዷ፣ ስትጨነቅ እርሳስ ትነክሳለች የሚል የመምህርቷ ማስታወሻ ሳይቀር። አዲሱ ትምህርት ቤት ፋይሉን አንብቦ በማግስቱ ከሚመጥናት የንባብ ቡድን ጋር አስቀመጣት። አንድም ቀን አልባከነባትም። ያን ጊዜ በጣም ተገርሜ ነበር። የጓደኞቿ ስም ግን ፋይሉ ውስጥ አልነበረም፤ የሚጻፍበት ቦታም የለውም።

ሩት ሂል ዩሲም የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ በ1950ዎቹ ሕንድ ውስጥ የሚኖሩ አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ስታጠና ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ስም አወጣችላቸው፤ የሦስተኛ ባህል ልጆች። የወላጆቻቸው ባህል አንድ፣ የሚኖሩበት አገር ባህል ሁለት፣ በሁለቱ መካከል እንደነሱ ከሚዞሩ ሰዎች ጋር የሚሠሩት ደግሞ ሦስት። ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ደስ አላለኝም፤ ልጄን የሚቀማኝ መሰለኝ። እያደር ግን እውነትነቱ ታየኝ። ዘመድ ሲደውል «አገርሽ አይናፍቅሽም?» ይላታል። «ይናፍቀኛል» ትላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እሷ ደግሞ አገር ብላ በደንብ የምታውቀው የበፊቱን ትምህርት ቤቷን ነው። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የምታነሳልኝ የዚያን ትምህርት ቤት ደረጃ ነው፤ አንደኛው እርከን ሲረገጥ ድምፅ ያሰማ ነበር፤ ሁሉም ልጅ እሱን ሆን ብሎ ይረግጣል።

ካርታው

ግንቦት ላይ የልጄ የቅርብ ጓደኛ በሰኔ እንደምትሄድ ታወቀ። ኮሪያዊት ናት። ሰርቪሱ ላይ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር የሁለቱ ነበር። ለምሥጢር መልእክታቸው የራሳቸውን ፊደል ሠርተዋል፤ ግማሹ ከእኛ ሀ ሁ፣ ግማሹ ከኮሪያ ፊደል። መፍቻው በልጄ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ በሁለት ቀለም ተጽፎ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጓደኝነት ነው።

ልጅቷ እንደምትሄድ በነገረቻት ሳምንት ልጄ ከሰርቪሱ ወንበር ተነስታ ፊት ተቀመጠች። ቤት ስትመጣ «ራስ ወዳድ ናት፣ ድሮም አልወዳትም» አለችን። የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ተቀዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘሁት። ልጆች ናቸው፣ ተጣልተው ይታረቃሉ ብዬ ወረቀቱን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን የክፍል መምህርቷ ጻፈችልኝ፤ ሲመችዎት ብቅ ይበሉ አለችኝ።

የልጆቹን ትንንሽ ወንበር ይዘን ተቀመጥን። መምህርቷ ስለ ጠቡ ብዙ አላወራችም። በየሰኔው እንደምታየው፣ የሚሄደውም የሚቀረውም ልጅ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሰበብ ፈልጎ እንደሚጣላ ነገረችኝ። ከሚወዱት ሰው ይልቅ ከተጣሉት ሰው መለየት ይቀላል። ዴቪድ ፖሎክ የተባለ አሜሪካዊ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ያስቀመጠውንም አስረዳችኝ። አንድን ቦታ በደህና ለመልቀቅ አራት ነገር ያስፈልጋል፤ የተጣሉትን መታረቅ፣ ለሰው ያለህን ፍቅርና ምስጋና በአፍህ መናገር፣ ሰውንም ቦታውንም መሰናበት፣ ከዚያ የምትሄድበትን ማሰብ። የአራቱ እንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ራፍት» ይላሉ፤ ግንድ ከግንድ ታስሮ ውሃ የሚሻገሩበት ማለት ነው። አንዱ ግንድ ከጎደለ አይንሳፈፍም አለችኝ።

ጥሩ ነው፣ ቤት ስንገባ አነጋግራታለሁ አልኩና ልነሳ ስል «አንድ ነገር ላሳይዎት» ብላ ከመደርደሪያው ጥቅል ወረቀት አወጣች። ያን ሰሞን ስለ ሰው ልጅ ፍልሰት ሲማሩ ልጆቹ የየራሳቸውን ጉዞ በካርታ ስለው ነበር። የልጄን ዘረጋችው። ሦስት ቦታ ተከብቧል። በመጀመሪያው ክብ ውስጥ አያቷ በር ላይ ቆመዋል፤ እኔና እናቷ አለን፤ ድመት አለች። በሦስተኛው፣ አሁን ባለንበት፣ ቦታ እስኪጠብ ልጆች ሞልተዋል፤ ሰርቪሱ አለ፣ ከኋላ መስኮት ሁለት ጭንቅላት ይታያል።

በመሃለኛው ክብ ውስጥ ሰው የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የኖርንበት ከተማ ነው፤ አንድም ሰው የለበትም። አንድ የፕላስቲክ ኩባያ አለ፤ ከኩባያው ሁለት ቅጠል ያላት ቡቃያ ወጥታለች፤ ከጎኗ ቀስት ተስሎ «11 ሴ.ሜ.» ተጽፏል።

መምህርቷ በጣቷ አሳየችኝ። «ይህ ምንድን ነው ብዬ ጠይቄያት ነበር። ‹ባቄላ ነው› ብላ ዝም አለች። እርስዎ ያውቁታል?»

አውቀዋለሁ። ግን ልመልስላት አልቻልኩም። ከውጪ የእረፍት ደወል ተደወለ፤ ኮሪደሩ በጩኸት ሞላ፤ በሩ ላይ ሁለት ልጆች ብቅ ብለው እኛን ሲያዩ ተመለሱ። እኔ ዓይኔን ከዚያ ኩባያ ላይ ማንሳት አቅቶኛል። አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር። ቁጥሩን እንዲህ አስተካክላ የያዘችው ለምን እንደሆነ ከእኔ በቀር በዚያ ክፍል የሚያውቅ አልነበረም። መምህርቷ ቸኩላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችኝም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ነገር ከሥሩ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። እንግዲህ ሥሩን ልናገር።

ከመሃለኛው ከተማ የተነሳነው በታኅሣሥ፣ በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ሥራዬ ወደዚህ እንደሚዞር ያወቅኩት በኅዳር ነበር። እናቷ «እንንገራት» አለች። እኔ አይሆንም አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ታልቅስ፣ አዲሱን ቤት፣ አዲሱን ትምህርት ቤት ስታይ ትረሳዋለች ብዬ ተከራከርኩ። መምህርቷን ሳይቀር እንዳትነግራት ለመንኳት፤ ሴትዮዋ ፊቷ እየጠቆረ እሺ አለችኝ። ለልጄ ለዕረፍት እየሄድን ነው አልኳት።

በዚያ ሰሞን በክፍላቸው ባቄላ ተክለው ነበር። እያንዳንዱ ልጅ በኩባያ፣ መስኮቱ ሥር፣ ከነስሙ። በየጠዋቱ በማስመሪያ ለክተው በደብተር ይመዘግባሉ። በመጨረሻው ቀን ልወስዳት ስሄድ እጄን ጎትታ ባቄላዋን አሳየችኝ። 11 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ከዕረፍት ስንመለስ ከማስመሪያው ይበልጣል አለችኝ። እኔም «ይበልጣል» አልኳት። ከዚያ ለጓደኞቿ እጇን አውለበለበች፣ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት እንደሚወጣ ልጅ፤ ድምፅ የሚያሰማውን ደረጃ ረግጣ ወረደች።

እዚህ ከመጣን በሦስተኛው ሳምንት እንደማንመለስ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ያን ማታ እናቷን «አየሽ?» አልኳት፤ ይህን ቃል ሳስታውስ ዛሬም ሰውነቴን ይወረኛል። ልጄ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ባቄላዬን ማን ይለካዋል?» ሰው አይጠፋም አልኳት። ከወር በኋላ ዕቃዋ በካርቶን በፖስታ መጣ። የልኬት ደብተሩም አለበት። ከ1 እስከ 20 ቁጥር ተሰጥቷቸው የተሰመሩ መስመሮች ናቸው፤ ዘጠኙ ተሞልተዋል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ቁጥሩ አለ፣ መስመሩ አለ፣ ልኬቱ የለም።

ከመምህርቷ ወጥቼ ስነዳ የምወቅሰው ፈለግኩ። መሥሪያ ቤቱ ነው፣ በዓመት አጋማሽ ሰው አንስቶ። ኑሮው ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ነው። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ መሄዳችንን እነሱ ያዘዙት ነው። አለመሰናበቷን ግን ማንም አላዘዘኝም። ያን ወስኜ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ልጆች ቶሎ ይረሳሉ እንላለን። እኔ ያን ያልኩት የልጄን ልብ አውቄ አልነበረም፤ ስታለቅስ ማየት ስላልቻልኩ ነው። የተረፈው የሦስት ሳምንት ለቅሶ የእኔ ዕረፍት ሆነ እንጂ የእሷ አልነበረም።

ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱ ጠፍቷል፤ ከኮሪደሩ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው ያለው። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላደግኩም፤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። «ያኔ ሳልነግርሽ ያመጣሁሽ ጥፋት ነው። ጓደኞችሽን እንድትሰናበቺ ማድረግ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «አውቅ ነበር እኮ አባዬ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እንደማንመለስ። ሳሎን ያለውን ፎቶ አወረድከው። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ፎቶ ከግድግዳ አያወርድም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር በእኔና በልጄ መካከል ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጉሮሮዬ እስኪለቀኝ ጠበቅኩና «ታዲያ ጓደኞችሽን ለምን አልተሰናበትሽም?» አልኳት።

«ብነግራቸው አንተ ዋሽተህ ትሆናለህ።»

እንዲህ አለችኝ። የ7 ዓመት ልጅ ሆና፣ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ባቄላዋን እያሳየችኝ «ከማስመሪያው ይበልጣል» ስትለኝ እያወቀች ነው። እኔ እሷን ከለቅሶ የጠበቅኩ ሲመስለኝ፣ እሷ እኔን ከውሸታምነት ጠብቃለች። ለጓደኞቿ እጇን ያውለበለበችው የመጨረሻ መሆኑን እያወቀች ነው፤ በዚያ ላይ ደግሞ እንደ መጨረሻ እንዳይመስል አድርጋ። ካርታው ላይ ሰው ያልሳለችው ረስታቸው አይደለም። ያልተሰናበቷቸውን ሰዎች እንዴት ይስሏቸዋል? ባቄላውን ግን እስከ ለካችው ድረስ ታውቀዋለች፤ አሥራ አንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልጻፈችም።

ያን ሌሊት ብዙ አለቀሰች። አብሬያት ተቀመጥኩ። አይዞሽ ማለትም አላበዛሁም፤ ለዓመት ተኩል የዘገየ ለቅሶ ነው፣ ይውጣላት ብዬ።

የተቀደደው ገጽ

በማግስቱ ከመሳቢያው የተቀደደውን ወረቀት አውጥቼ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ምንም አላልኩም። ፕላስተር ፈልጋ ለጠፈችው። ሰርቪሱ ላይ ወደ ኋላ ወንበር የተመለሰችው ግን ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ ምን ተባብለው እንደታረቁ አልነገረችኝም። የቀራቸው ዘጠኝ ቀን ነበር። በዘጠኙ ቀን ያደረጉትን ከሩቅ አየሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ፣ የሚደበቁበትን ቁጥቋጦ፣ አንድ ቀን አብረው የወደቁበትን መወጣጫ እየዞሩ ተሰናበቱት። ኮሪያዊቷ ልጅ ዛፉን ስታቅፍ ልጄ ፎቶ አነሳቻት። በመጨረሻው ቀን ጓደኛዋ ለልጄ በሁለቱ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ሰጠቻት። ደብዳቤው አሁን አልጋዋ ራስጌ ተለጥፏል። እኔ ማንበብ የምችለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ንገሪኝ ብያትም አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ለቀድሞው ትምህርት ቤት ጻፍኩ። ለመምህርቷ ይቅርታ ልጠይቃት፣ ስለ ባቄላውም ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ ሌላ አገር ሄዳለች የሚል አጭር መልስ ከቢሮው መጣልኝ። የባቄላውን ነገር የሚያውቅ ሰው እዚያ አልቀረም። ይህንንም ለልጄ ነገርኳት። ከአሁን በኋላ የማውቀውን እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ መልሱ ባዶ ቢሆንም እንኳ።

አንዳንድ ወዳጆቼ ልጁን ቀድሞ መንገር ጭካኔ ነው ይሉኛል። ገና ሳይሄድ መሄድ ይጀምራል፣ ትምህርቱንም ይተዋል፣ ለምን ቀኑን ታበላሽበታለህ ይሉኛል። ይህን ስጋት አቃልዬ አላየውም፤ እኔው ራሴ በዚያ አስቤ ነው ያደረግኩት። በጣም ቀድሞ መንገርም ልጁን ከነበረበት ይነቅለዋል። ነገር ግን ልጁ ቤቱ ውስጥ ይኖራል። ካርቶን ያያል፤ በሹክሹክታ የሚወራ ስልክ ይሰማል፤ ከግድግዳ የወረደ ፎቶ ቦታው ነጣ ብሎ ሲታይ ያያል። ስለዚህ ምርጫው ማወቁና አለማወቁ ላይ አይደለም። ከእኛ ጋር ሆኖ ይወቅ ወይስ ብቻውን ይወቅ፣ እሱ ላይ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ተራው የእኛ ነው። የምንሄድበትን ቀን ባወቅኩ በማግስቱ ነገርኳት። አሁን አራተኛ ክፍል ናት። አለቀሰች፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየመሃሉ አለቀሰች፤ ሒሳብ ትታ ስታለቅስም አይቻለሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ያለውን ካላንደር አውርዳ ቀኑን በቀይ ከበበችው። ከቀዩ ክብ ወደ ኋላ እየቆጠረች በየቀኑ ላይ ስም ጻፈች። የሰርቪሱ ሹፌር አለ። ሁልጊዜ ቴምር ቀለም ሹራብ የምትለብሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለች። የመዋኛ አሠልጣኙ አለ። መምህርቷ ለብቻዋ ሙሉ ዓርብ ተሰጥቷታል። ከቀናቱ አንዱ ላይ «መስቀያዬ» ይላል፤ ስሟን ራሷ በደንብ ልትልጠው ነው።

ያ በመስከረም ሦስት ጣት ያወጣው ልጅ ስም ግን ሦስት ቀን ላይ ተጽፏል። አሁን እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ በእረፍት ሰዓትም አይለያዩም። እሑድ ዕቃ ስናጥብ «እሱ ለምን ሦስት ቀን?» አልኳት።

«እኔ ስሄድ እሱ አንድ ዓመት ይቀረዋል እኮ አባዬ» አለችኝ፣ ሳህኑን እያደረቀች። «አብሮት የሚሆን ሰው ሳላገኝለት መሄድ አልችልም። ያ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ነገ ሰርቪስ ላይ ከአዲሷ ልጅ ጋር አስተዋውቀዋለሁ። አራት ዓመት ትቆያለች፤ ጠይቄያታለሁ።»